አገልግሎት ሰጪ በቀየርን በሳምንቱ ልንጓዝ ነው፤ ራውተሩን አብርተነው እንሂድ ወይስ እንንቀለው?

የሊድሷ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ውስጥ ነው። የቤታችንን ኢንተርኔት ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ያዛወርነው ዲሴምበር 22 ሲሆን፣ ገናንና ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ለማክበር ዲሴምበር 29 ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ የምንመለሰውም ጃንዩወሪ 22 ነው። ቤቱ 24 ቀን ሙሉ ሰው ሳይኖርበት ይቆያል ማለት ነው።

ያስቸገረኝ ነገር ይህ ነው። ከአዲሱ ራውተር ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣችው ወረቀት መስመሩ እስኪረጋጋ ድረስ ራውተሩ ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ሳይጠፋ እንዲቆይ ታሳስባለች። እኛ ቤቱን ቆልፈን ስንወጣ ግን ገና 7ኛው ቀን ላይ ነን። ባለቤቴ በበኩሉ ከቤት ሲወጣ የማይነቅለው ነገር የለም። አዲስ አበባ ሳለ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥን ተቃጥሎበት ስለሚያውቅ፣ ለሁለት ቀን ስንወጣ እንኳ ከፍሪጁ በቀር ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚቀር ዕቃ ማየት አይወድም። እርሱ «ማንም በሌለበት ቤት ለማን ነው የሚበራው?» ይላል፤ እኔ ደግሞ አዲስ የገባን መስመር ሳይረጋጋ አጥፍተነው ሄደን፣ ስንመለስ ለ24 ወር የፈረምንበት ኢንተርኔት ተንቀራፎ እንዳይጠብቀን እፈራለሁ።

ለመልሱ ይጠቅም እንደሆነ ሁኔታውን ልግለጽ። ራውተሩ የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ጀርባ ሲሆን፣ የተሰካውም ቴሌቪዥኑና የጥግ መብራቱ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ነው። የድሮው ራውተር ከነአዳፕተሩ ተነቅሎ እዚያው አጠገቡ አለ። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ በዋይፋይ የሚሠራ ነው። የቤት ስልካችንም ከለውጡ ወዲህ ከግድግዳው ተነቅሎ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተሰክቷል። በ7ኛው ቀን ብናጠፋው በእርግጥ መስመሩ ይበላሻል? አብርተነው ብንሄድስ አደጋ አለው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።


ሽቦና ምሰሶ

እህቴ፣ ለበዓሉ በሰላም ያድርሳችሁ። 11 ዓመት በመስመር ጥገና ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ ስለ መስመሩ የሚመለከተውን ክፍል ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ወደ ቤትዎ የሚገባው መዳብ ይሁን ፋይበር መለየት አለበት፤ ምክንያቱም «ፋይበር» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ቤት ድረስ ፋይበር አይደለም። ከራውተሩ ጀርባ ተነሥታ የምትሄደውን ገመድ በእጅዎ እየተከተሉ መድረሻዋን ይዩ። የምታበቃው በግድግዳው የስልክ ሶኬት ላይ ከሆነ፣ ፋይበሩ መንገድ ዳር እስከቆመችው አረንጓዴ ሳጥን ድረስ ብቻ መጥቶ፣ ከዚያ እስከ ቤትዎ ያለው መንገድ በድሮው የስልክ ሽቦ የተሸፈነ ነው። ገመዷ የምትደርሰው ግድግዳ ላይ ወደተለጠፈችና የራሷ አዳፕተር ወዳላት ትንሽ ነጭ ሳጥን ከሆነ ግን ፋይበሩ ቤት ድረስ ገብቶልዎታል ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ የ10 ቀኑን ነገር ሙሉ በሙሉ ይርሱት። በመስታወት ክር የሚጓዝ ብርሃን ከጎረቤት ሽቦ ጫጫታ አይጋባበትም፤ ፍጥነቱም በሙከራ የሚገኝ ሳይሆን በገዙት ጥቅል የሚወሰን ነው። ሲያጠፉት ይጠፋል፣ ሲያበሩት እንደነበረው ይነሣል።

መዳብ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያ ሽቦ ሲዘረጋ ለሰው ድምፅ እንጂ ለኢንተርኔት አልታሰበም። በአንድ ወፍራም ገመድ ውስጥ ብዙ የጎረቤት ሽቦዎች ተቃቅፈው ስለሚሄዱ አንዱ በአንዱ ላይ ጫጫታ ያሰማል፤ ጫጫታው ደግሞ ቀንና ማታ እኩል አይደለም። አብዛኛውን የአገሩን የስልክ መስመር በሚያስተዳድረው ድርጅት፣ በኦፐንሪች መስመሮች ላይ ይህን የሚከታተል ዲኤልኤም የሚባል አውቶማቲክ ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ በመስመሩ ላይ ስንት ስሕተት እንደተፈጠረና ግንኙነቱ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ እየቆጠረ፣ ብዙ ሆኖ ካገኘው መስመሩን ለማረጋጋት ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወይም የተበላሸ መረጃ ተጠግኖ እንዲደርስ መረጃውን እየበታተነ ይልካል፤ ይህም መዘግየትን ይጨምራል። አንዴ ከቀነሰ በኋላ መልሶ እስኪያምነው ድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። የ10 ቀኑ ምክር የመጣው በአብዛኛው ኢንተርኔቱ ከስልክ ማዕከል እስከ ቤት በመዳብ ብቻ ይመጣ ከነበረበት ከቀድሞው ኤዲኤስኤል ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜ መስመሩ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ሥርዓቱ ሳይቆራረጥ ሊሸከመው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት ይለካ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤቶች ያለው ቪዲኤስኤል (እስከ አረንጓዴው ሳጥን ፋይበር፣ ከዚያ መዳብ የሆነው) ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ አብዛኛውን ቦታውን ይይዛል፣ ክትትሉም በ10ኛው ቀን ሳያበቃ መስመሩ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ታዲያ በ7ኛው ቀን ቢጠፋ ምን ይሆናል ለሚለው፣ ሥርዓቱ የሚቀጣው መቆራረጥን እንጂ አለመኖርን አይደለም። በሽተኛ ቀጠሮ ቀረ ማለት ሕመሙ ባሰበት ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ የሚለካው ነገር አጣ ማለት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ራውተሮች ደግሞ መብራት ሲቋረጥባቸው ከመጥፋታቸው በፊት በቀረቻቸው ቅንጣት ኃይል «የጠፋው መብራት ነው እንጂ መስመሩ አልተበጠሰም» የሚል አጭር መልእክት ወደ መንገድ ዳሩ ሳጥን ይልካሉ። በሙያው ቋንቋ የመጨረሻ እስትንፋስ እንለዋለን። ስለዚህ አንድ ጊዜ አጥፍቶ 24 ቀን ማቆየት መስመር አያበላሽም።

የሚያበላሸው ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ነው። አንድ ደንበኛ ኢንተርኔቱ በየወሩ እየዘገመ ሄደ ብለው ሁለት ጊዜ ተልኬላቸው፣ ሽቦውንም መገጣጠሚያውንም ፈትሼ ምንም ሳላገኝ ተመለስሁ። በሦስተኛው ጊዜ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አጎንብሼ ስመለከት ራውተሩ የተሰካው በሰዓት በሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ሆኖ አገኘሁት፤ መብራት ለመቆጠብ ሲሉ ሌሊት ሌሊት እንዲጠፋ አድርገውት ኖሯል። ራውተሩ ራሳቸው የገዙት አሮጌ ስለነበረ የመጨረሻ እስትንፋሱን አይልክም፤ ሥርዓቱ ደግሞ በየሌሊቱ መስመር ተበጠሰ እያለ ይመዘግብ ነበር። ያችን ሰዓት ነቅለን ከጣልናት በኋላ በሦስት ሳምንት ገደማ ፍጥነቱ ተመለሰ።

የእኔ ምክር መዳብ ከሆነ አብርታችሁት ሂዱ የሚል ነው፤ ብታጠፉትም ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በምትወጡበት ሰዓት ይሁን።


ካቻቢቴ

ሽቦና ምሰሶ ስለ መስመሩ በሰፊው ስላስረዱ እኔ በሶኬቱ በኩል ያለውን ልጨምር። በርሚንግሃም ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ እሠራለሁ።

የባለቤትዎ ፍርሃት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አገር ቤት መብራት ሲመለስ ከልክ በላይ ሆኖ ስለሚመጣ ነቅሎ መጠበቅን ሁላችንም ተምረን ነው ያደግነው። እዚህ አገር ግን መብራት የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው፣ ኃይሉም 230 ቮልት አካባቢ ጸንቶ ይቆያል። መብረቅ ቢያሰጋችሁም እዚህ ነጐድጓድ የሚበዛው ልክ እንደ አገራችን በሐምሌና በነሐሴ ነው እንጂ በጃንዩወሪ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ከመብራቱ ይልቅ ሶፋው ነው።

ራውተር ራሱ ብዙ አይሞቅም። ነገር ግን በሶፋ ጨርቅና በግድግዳ መካከል ተወሽቆ፣ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣ አቧራ ለብሶ ሲቆይ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከእርሱ ይበልጥ መፈተሽ ያለበት አዳፕተሩ ነው። ድርጅት በተቀየረ ቁጥር ቤት ውስጥ ሁለት አዳፕተር ይገኛል፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ የሁለቱም ጫፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ በሌላው ራውተር ላይ ያለ ችግር ይገባል። ባለፈው ዓመት የጠገንኩበት ቤት አዲሱን ራውተር በአሮጌው አዳፕተር ሲያሠሩት ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። ራውተሩ የሚፈልገው 12 ቮልትና 2 አምፔር ሆኖ ሳለ አዳፕተሩ የሚሰጠው 1 አምፔር ብቻ ስለነበረ፣ ማታ ማታ ልጆቹ ሁሉ ሲገናኙ ራውተሩ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሣል። አዳፕተሩን ስነካው እጄን ሊያቃጥለኝ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ሁለቱንም ያንሡና በጀርባቸው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ቁጥር ከራውተሩ ሥር ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። ለማንበብ ካስቸገረዎ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያጉሉት።

ከዚያ ራውተሩን ከሶፋው ጀርባ አውጥተው ከፍ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፣ አዳፕተሩንም ከማከፋፈያው ነቅለው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት። ቴሌቪዥኑን፣ የጥግ መብራቱን፣ ቻርጀሮቹንና ማከፋፈያውን ራሱን ባለቤትዎ እንዳሉት ይንቀሉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ።

ወጪውን በሚመለከት የራሴን ራውተር በመለኪያ ሰክቼ 9 ዋት ገደማ ሲወስድ አግኝቼዋለሁ። በ24 ቀን 576 ሰዓት ስለሚኖር 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ26 ፔንስ ብናስበው ከ1 ፓውንድ ከ35 ፔንስ ብዙም አይርቅም። ለዚህ ገንዘብ ባልና ሚስት መከራከር የለባቸውም ባይ ነኝ፤ ኤርፖርት ውስጥ የሚጠጣው ማኪያቶ ይበልጠዋል።


የቆየ መንገደኛ

ከላይ ያሉት ሁለቱም ወንድሞች በሚገባ አስረድተዋል፤ ሆኖም ሽቦና ምሰሶ «ብታጠፉትም አይጎዳም» ያሉትን እኔ በዚያው ልክ አልቀበለውም። መስመሩ አይጎዳ ይሆናል፣ ደንበኛው ግን ሊጎዳ ይችላል። አዲስ አገልግሎት ችግሩን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አጥፍታችሁት ከሄዳችሁ ችግር ይኑር አይኑር ሳታውቁ፣ ክፍያው ግን እየተቆጠረ አንድ ወር ይሄዳል። በርቶ ከቆየ አዲስ አበባ ሆናችሁ በድርጅቱ መተግበሪያ ራውተሩ መገናኘቱን ማየት፣ ከተቋረጠም ከዚያው ማመልከት ትችላላችሁ። ማመልከቱ ዋጋ አለው፤ የአገሩ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ከኤፕሪል 1 ቀን 2019 ጀምሮ ባስጀመረው የካሳ አሠራር የተመዘገቡ ድርጅቶች፣ ሙሉ በሙሉ የተቋረጠ አገልግሎት በተነገራቸው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠገነ ደንበኛው ሳይጠይቅ በየቀኑ ካሳ ማሰብ ይኖርባቸዋል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ግን ካመለከቱ በኋላ ስለሆነ፣ ያልተነገረ ብልሽት ካሳ የለውም። ድርጅታችሁ በዚህ አሠራር ውስጥ መኖሩን ከውሉ ላይ አረጋግጡ፤ ሁሉም አልገቡበትምና።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነቱ ነው። ስትዋዋሉ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ድርጅቱ ዋስትና የሚሰጥበት ዝቅተኛ ፍጥነት ተጽፎ ታገኛላችሁ። የኦፍኮምን የፍጥነት ደንብ የተቀበሉ ድርጅቶች ፍጥነቱ ከዚያ በታች ሆኖ ስታመለክቱ 30 ቀን ማስተካከያ ጊዜ ይኖራቸዋል፤ ካልቻሉ ያለ ቅጣት ከውሉ መውጣት ይፈቀድላችኋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ፣ አንድ ጊዜ ቀን አንድ ጊዜ ማታ ለክታችሁ ውጤቱን አስቀምጡ። ስትመለሱ የምታስተያዩበት ነገር ሳይኖር «ድሮ ይፈጥን ነበር» ብሎ መከራከር አያዋጣም። በርቀት የተፈረመ ውል የሚሰረዝበት 14 ቀን ደግሞ የሚቆጠረው ውሉ ከተፈጸመበት ቀን እንጂ አገልግሎቱ ከተጀመረበት ቀን ስላልሆነ የእናንተው ሳያልፍ አይቀርም።

ሦስተኛው፣ አጠገቡ ተቀምጧል ያሉት የድሮ ራውተር ነው፤ እኔ የተቃጠልኩት በእርሱ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ወዲህ የኢንተርኔት ድርጅት ሲቀየር ለቀድሞው መንገር ያለበት አዲሱ ድርጅት ነው፤ ደንበኛው ደውሎ መሰናበት አይጠበቅበትም። እኔም በዚያው ተዘናግቼ ሁሉም ነገር አልቋል ብዬ ለስድስት ሳምንት አገር ቤት ሄድሁ። ስመለስ በሩ ከፖስታው ብዛት የተነሣ ገፍቼው ነው የተከፈተው። ከክምሩ ሥር የድሮው ድርጅት ራውተሩን እንድመልስበት የላከው ግራጫ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከከረጢቱ በላይ የማስታወሻ ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው በላይ ራውተሩን በጊዜው ስላልመለስህ ተብሎ የተቆረጠብኝ ሒሳብ በቅደም ተከተል ተደርድረው ጠበቁኝ። ውጭ አገር እንደነበርሁ በቲኬቴ አስረድቼ ግማሹን ብቻ አስመለስሁ። ስለዚህ ከመብረራችሁ በፊት ለድሮው ድርጅት ደውላችሁ ራውተሩ ይመለስ አይመለስ፣ ከተመለሰም እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻው ሒሳብ እስኪመጣም የባንክ ክፍያ ፈቃዱን አትሰርዙት።

ስልኩም አንድ ቃል ያስፈልገዋል። የድሮው የመዳብ የስልክ አገልግሎት እስከ ጃንዩወሪ 31 ቀን 2027 ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ስለተወሰነ፣ የሁላችንም የቤት ስልክ ወደ ራውተሩ እየተዛወረ ነው። ራውተሩ ሲጠፋ ስልኩም ይሞታል። ባዶ ቤት ውስጥ ይህ አያሳስብ ይሆናል፤ የሌባ ደወላችሁ በስልኩ መስመር የሚሠራ ከሆነ ግን ያሳስባል። አንገቱ ላይ የአደጋ መጥሪያ ያንጠለጠለ አረጋዊ ባለበት ቤት ደግሞ ራውተር ከቶ አይጠፋም።


ሽቦና ምሰሶ

የቆየ መንገደኛ ያነሡትን እቀበላለሁ፤ እኔ የተጠየቅሁት መስመሩ ይበላሻል ወይ የሚለውን ስለነበረ በዚያው ተወስኜ ነው። ፍጥነቱን ለመለካት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከበይነ መረብ መለኪያ ይልቅ በራውተሩ የራሱ ገጽ ውስጥ መስመሩ የተገናኘበትን ፍጥነት ይመልከቱ፤ ይህ ቁጥር በላፕቶፕም ሆነ በዋይፋይ ድክመት አይዛባም። እዚያው ገጽ ላይ ራውተሩ ሳይቋረጥ የቆየበት ጊዜ በቀንና በሰዓት ስለሚገኝ ሁለቱንም ፎቶ ያንሡ። እንዲሁም ራውተሩን ወደ ጠረጴዛ ስታዛውሩ ከዋናው የስልክ ሶኬት እንዳታርቁት፤ ረጅም የስልክ ገመድ ወይም ሌላ ክፍል ያለ ተቀጽላ ሶኬት ጫጫታ ይሰበስባል።

ማሞቂያውን በሚመለከት፣ አብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች ዋይፋይ ቢጠፋም የተሰጣቸውን ሰዓትና ሙቀት ይዘው ይሠራሉ፤ ከሩቅ ማየትና መለወጥ ብቻ ነው የሚቀረው። በጃንዩወሪ ውርጭ ውኃ ቧንቧ ውስጥ ረግቶ ቢፈነዳ ግን ከሩቅ ማየት መቻል ከራውተሩ መብራት ሒሳብ እጅግ ይበልጣል።


የሊድሷ

ዲሴምበር 28። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገመዱን ተከትዬ ሄጄ የስልክ ሶኬት ላይ አበቃ፤ መዳብ ነው። አዳፕተሮቹን ሳይ ደግሞ ካቻቢቴ በዓይኑ ያየው እስኪመስል ድረስ ተቀያይረው አገኘኋቸው! አዲሱ ራውተር በአሮጌው ነበር የሚሠራው፤ ደግነቱ ሁለቱም 12 ቮልት ናቸው፣ በአምፔር ግን የአሮጌው ያንሳል። አሁን በራሱ አዳፕተር ግድግዳው ላይ ተሰክቶ፣ ዋናው የስልክ ሶኬት አጠገብ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መስመሩ የተገናኘበት ፍጥነት 58 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል፣ ፎቶ አንሥቻለሁ። ባለቤቴም የአንድ ማኪያቶ ዋጋ መሆኑን ከሰማ በኋላ ሌላውን ሁሉ እኔ እነቅላለሁ በሚል ስምምነት ራውተሩን ትቶልኛል። የድሮው ድርጅት ከረጢት በመንገድ ላይ ነው ብሎኛል፤ ራውተሩን ከነአዳፕተሩ ጠቅልዬ አበቦቹን ውኃ ለምታጠጣልን ጎረቤታችን ሰጥቻታለሁ፣ ከረጢቱ ሲመጣ አሽጋ ትልክልኛለች።


የሊድሷ

ጃንዩወሪ 23። ትናንት ተመለስን፤ የሆነውን ልንገራችሁ። ጃንዩወሪ 9 ማታ አዲስ አበባ ሆኜ መተግበሪያውን ስከፍት ራውተሩ አልተገናኘም ይላል። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ለድርጅቱ ለማመልከት ከተዘጋጀሁ በኋላ፣ አስቀድሜ ለጎረቤታችን መልእክት ልኬ ምን እንደሚታያት ጠየቅኋት። እርሷም ለካስ በዚያን ቀን አበቦቹን ልታጠጣ ገብታ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ አንዲት ሰማያዊ መብራት ብቻዋን ስትበራ አይታ፣ ረስተውት ሄደዋል ብላ በደግነት የግድግዳውን ሶኬት አጥፍታው ወጥታለች። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ የሳቀውን ሳቅ አልነግራችሁም፤ በእንግሊዝ አገር የሚስማማኝ ሰው አገኘሁ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ገብታ አበራችው። ትናንት ማታ የራውተሩን ገጽ ስከፍት ሳይቋረጥ የቆየበት ጊዜ 12 ቀን ከተወሰነ ሰዓት ሲል፣ የተገናኘበት ፍጥነት እንደነበረው 58 ነው። ሽቦና ምሰሶ አንድ ጊዜ መጥፋት አይጎዳውም ያሉት፣ ሳናስበው ተሞክሮ ታየ። ማሞቂያውም በዚያች ሌሊት የተሰጠውን ሙቀት ይዞ አድሯል።

ከረጢቱ የመጣው ጃንዩወሪ 5 ነበር። ጎረቤታችን ራውተሩን ከነአዳፕተሩ አሽጋ ፖስታ ቤት ወስዳ፣ ደረሰኙን ከማዕድ ቤታችን ፍሪጅ ላይ በማግኔት ለጥፋልኝ አገኘሁት።


ካቻቢቴ

እንኳን በሰላም ገባችሁ። ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፤ በዚያ ዓይነት ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ለጎረቤታችሁም ከሶኬቱ ማጥፊያ በላይ የምትለጠፍ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ያዘጋጁላት።